ሳጥን ሙሉ አበባ፣ ገበር ግን የለም

ቁርጥራጭ ቀጣጥሎ አልጋ ልብስ የሚሰፋ ሰው ጨርቅ ማጠራቀም አለበት ወይ? ይህን የሚጠይቁኝ ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኞቹ ገና መስፋት የጀመሩ ናቸው፤ ሰው ቤት ቁልል አይተው «እኔ ምንም የለኝም» ብለው የሚጨነቁ። ሌሎቹ ደግሞ ቁም ሳጥናቸው አልዘጋ ብሎ ባላቸው ማጉረምረም የጀመረባቸው ናቸው። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው። አስቀምጡ። ግን አሁን የምታስቀምጡትን አይደለም።

አብዛኞቻችን የምናስቀምጠው የሚያምረውን ነው። አበባ ያለበትን፣ የወርቅ ክር የገባበትን፣ ሻጩ ዘርግቶ ትከሻችን ላይ ጣል ሲያደርገው ልባችን የቀለጠለትን። እንዲህ ያለ ጨርቅ አልቆባት ስራዋ የቆመባት ሴት አላየሁም። ስራ የሚቆመው ነጩ ሲያልቅ ነው። ግራጫው ሲያልቅ፣ ቡናማው፣ ያ ደብዘዝ ያለው ሰማያዊ። ማንም «እንዴት ያምራል» ብሎ የማይዳብሰው ጨርቅ።

የማወራው ከየት ሆኜ እንደሆነ ልንገራችሁ። ድሬዳዋ ነው የምሰፋው። እንጀራዬ ዩኒፎርም፣ መጋረጃና ድሪያ ነው፤ ድሪያ ያ ሰፊው የሴቶች ቀሚስ ነው። ቁርጥራጭ መቀጣጠል የጀመርኩት ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ስር ያለው ማዳበሪያ ሞልቶ እግሬን ማሳረፊያ ሲያሳጣኝ ነው። አሁን ትዕዛዝም ይመጣልኛል። አማቴ ግን እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። «ሰው ከድሪቶ ለመውጣት ይለፋል፣ አንቺ ድሪቶ ሰፍተሽ ትሸጫለሽ» ይላሉ። ይህን የሚሉት እኔ በሰፋሁት አልጋ ልብስ ላይ ጋደም ብለው ነው።

በድሬ ሙቀት ብርድ ልብስ ማን ይገዛል የሚሉኝም አሉ። አቦ፣ እውነታቸውን ነው። ለድሬ ሰው የምሰፋው ስስ ነው፤ ፊትና ገበር ብቻ፣ ቢበዛ መሃሉ ላይ አንድ ያረጀ ነጠላ። ወፍራሙን የሚያዙኝ ሐረርና ሐረማያ ያሉ ናቸው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ። የደንገጎን ጠመዝማዛ ጨርሳችሁ ስትወጡ መስኮት የሚዘጋ ተሳፋሪ አይጠፋም። እዚህ ሰው በአንሶላ ይታፈናል፣ እዚያ ማታ ጋቢ ይደርባል።

ስራውን ለማያውቅ ሰው፦ ሙሉው ብርድ ልብስ ሦስት ድርብ ነው። ፊቱ ቁርጥራጩ የሚታይበት ነው። መሃሉ ሙቀት የሚሰጠው። ታችኛው ገበር ነው። ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዝ ስፌት ከዳር እስከ ዳር ይሄድበታል። ሰው የሚያደንቀው ፊቱን ነው። ገበሩ ግን ፊቱን የሚያህል ጨርቅ ይፈልጋል፣ ያውም ወጥ የሆነ። ፊቱን ከመቶ ቦታ ለቃቅማችሁ ልትሞሉት ትችላላችሁ። ገበርን ለቃቅሞ መሙላት ግን ሁለተኛ ፊት መስፋት ነው።

እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር የምትሰፋ ጓደኛ አለችኝ። ሁለት ቁም ሳጥን ሙሉ ጨርቅ አላት፤ አንደኛው የልጆቿ መሆን የነበረበት ነው። የዱባይ ብትሉ፣ የህንድ ብትሉ፣ ከጅቡቲ የመጣ ብትሉ። አንድ የዒድ ዕለት ከሰዓት ደወለችልኝ። «አቦ፣ አምስት ሜትር ነጭ የለሽም?» የሙሽራ አልጋ ልብስ ነው። ፊቱን ጨርሳለች፣ ፎቶውን ልካልኛለች፣ እውነትም ልብ ይሰርቃል። በነጋታው ጠዋት ይወስዱታል። ገበር ግን የላትም። ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። በአዘቦቱ ቀንም ቢሆን ድሬ ላይ በእኩለ ቀን ሙቀት ሱቅ ፍለጋ የሚወጣ እንግዳ ነው።

«ከሁለት ቁም ሳጥን አንድ ገበር አጣሽ?» አልኳት።

«ሁሉም አበባ ነው ባክሽ። ያውም ለጥሩ ነገር ያስቀመጥኩት።»

ከኔ አቡጀዲ ወሰደች። እኔ ቤት አቡጀዲ ይጠፋል ማለት በርበሬ ይጠፋል ማለት ነው፤ የማይታሰብ ነው። ወርቅማ ጨርቅ ግን ብትጠይቀኝ ኖሮ ምንም አልነበረኝም።

ቆንጆው ጨርቅ ለምን ቁጭ ይላል? አንደኛ፣ መቀስ አይደፍረውም። ውድ በሆነና ባማረ ቁጥር «ለዚህ ስራ አይሆንም፣ የተሻለ ይመጣል» እያልን እናሳልፈዋለን። የተሻለው ስራ ሳይመጣ እጥፋቱ ይነጣል። ሁለተኛ፣ አበባ ከአበባ ጋር አይስማማም። ስምንት ዓይነት አበባ ጎን ለጎን ብትሰፉ አንዱም አይታይም። ሰርግ ቤት ሁሉም ዘፋኝ ከሆነ ማን ያጨበጭባል? አንድ የሚያምር ቁራጭ እንዲታይ ዙሪያውን ሦስት አራት ዝም ያለ ጨርቅ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንድ ሜትር ጌጥ ያላት ሰው ቢያንስ ሦስት ሜትር ተራ ያስፈልጋታል። ሳጥናችንን ስንከፍት ግን ልኩ ተገልብጦ ነው የምናገኘው።

ከዚህ ተነስቶ «ታዲያ ምንም አትግዙ፣ ስራ ሲመጣ ያንኑ ቀን ግዙ» የሚል ምክር አለ። ከውጭ የሚመጣ ምክር ነው። እዚያ ጨርቁ ስምና ቁጥር አለው፤ ያለቀውን በቁጥሩ ያዝዛሉ። ድሬ እንደዚያ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ እዚህ ከደረሰ ጀምሮ ይህች ከተማ የለመደችው ከወደብ የመጣውን ተቀብሎ መሸጥ ነው። ዛሬ ቀፊራ ገበያ ያያችሁት ጣቃ ነገ ሲያልቅ አለቀ። ሻጩን «መቼ ይመጣል?» ብትሉት «ኢንሻአላህ» ይላችኋል። መልሱም እሱው ነው፣ እሱም ከዚያ በላይ አያውቅም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። «ቆንጆው ነው ተመልሶ የማይመጣው፣ ነጭና ግራጫማ ሁልጊዜ አለ» ይላሉ። ጨርቅ በየዙሩ ነው የሚነከረው። አንዱ ዙር ከሌላው ጋር ትክክል አይሆንም። ግራጫ ብላችሁ የገዛችሁትና በወሩ ግራጫ ብላችሁ የደገማችሁት ሱቅ ውስጥ አንድ ይመስላሉ። ጎን ለጎን ሰፍታችሁ በረንዳ ላይ ስታሰጡት አንደኛው ወደ ሰማያዊ ያደላል። አበባ ያለበት ጨርቅ እንዲህ ያለውን ልዩነት ይሸፍናል፤ ዓይን በቅርጹ ይያዛል። ወጥ ጨርቅ ምንም አይሸፍንም። ነጩም ቢሆን አንዱ ወተት ይመስላል፣ አንዱ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ስለዚህ ቀድሞ መገዛት፣ ያውም ከአንድ ጣቃ በአንድ ጊዜ መገዛት ያለበት ተራው ነው።

ሐረር ስወጣ መኪና ግርግር ሳላልፍ አልመለስም። በጁገል ግንብ ውስጥ ከፈረስ መጋላ የሚነሳው ጠባብ መንገድ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ይሰፋሉ፤ መንገደኛው በመሃላቸው ተጠጋግቶ ያልፋል። ሲያወሩ እንኳ እግራቸው ከፔዳሉ አይወርድም። እዚያ የማከብራቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ወንበራቸው አጠገብ ያለችው ሳጥን ትንሽ ናት። ውስጧ ነጭ፣ ጥቁርና ክሬም ገበር፣ ክር፣ ቁልፍ፣ ሌላ ምንም የለም።

«አባባ፣ አበባ ያለበት አያስቀምጡም እንዴ?» አልኳቸው።

ቀና ሳይሉ መለሱልኝ። «አበባውን ደንበኛው ይዞት ይመጣል ልጄ። ገበር ይዞ የመጣ ደንበኛ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ክሬሙን ለምን እንደሚያስቀምጡ ደግሞ እያሳዩ አስረዱኝ። ነጭ ከስስ ጨርቅ ስር ሲሆን ያበራል፣ ከፊቱ ይታያል። ክሬም ግን ይደበቃል። ከዚያ ወዲህ ከነጩ እኩል ክሬም እገዛለሁ።

አሁን ስለ ቁርጥራጭ። ከደንበኛ ስራ የተረፈ ቁራጭ የማን ነው? ልብስ ሰፊ ጨርቅ ያስቀራል የሚለው ሐሜት የቆየ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሐሜት ነው ብዬ አልከራከርም። የኔ ደንብ ቀላል ነው። የተረፈውን አጣጥፌ ከልብሱ ጋር ፌስታል ውስጥ እከተዋለሁ። ደንበኛዋ «ለአንቺ ይሁን» ካለች አስቀራለሁ። ብዙዎቹ ይላሉ። አንዳንዷ ደግሞ ከክርኑ የተቆረጠችውን ሦስት ማዕዘን ሳይቀር ቆጥራ ትወስዳለች። መብቷ ነው። ጨርቁን የገዛችው እሷ ናት። ይህን ጠይቆ ማስቀረት ከገንዘቡም በላይ ጥቅም አለው፤ አልጋ ልብሱን ስሸጥ «ይሄ የኔ ድሪያ ነው» የሚል ሰው ቢመጣ አልደነግጥም።

ከቁርጥራጭ ሁሉ የምወደው የዩኒፎርም ነው። ማንም አያምነኝም። ማሩን፣ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ጥቁር አረንጓዴ። ወጥ ነው፣ ብዙ ነው፣ በየዓመቱ ክረምት መጨረሻ ላይ ይመጣል። ትምህርት ሊከፈት ሲል ቤቴ በማሩን ቁራጭ ይሞላል። ዓመቱን ሙሉ የምሰፋው ፊት የሚያርፍበት ተራ ጨርቅ ከዚያ ይገኛል። አንድ ችግር ብቻ አለው፤ አብዛኛው ፖሊስተር የተቀላቀለበት ነው። ለብቻው ነው የምይዘው። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ቁርጥራጭ ነጻ ነው የሚል ሰው ክር ገዝቶ አያውቅም። ሂሳቡን እንስራው። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ከሃያ የሆነ አልጋ ልብስ እንበል። ተሰፍቶ 10 ሳንቲ ሜትር በ10 የሚሆን ቁራጭ ከፈለጋችሁ፣ በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ስትጨምሩ የምትቆርጡት 12 በ12 ነው። በወርድ 20፣ በቁመት 22፣ በድምሩ 440 ቁራጭ። የሚገባው ጨርቅ 6.3 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የሚታየው ግን 4.4 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ሁለት ካሬ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጨርቅ ስፌት ውስጥ ተደብቆ ቀረ ማለት ነው።

የቁራጩን ጎን በእጥፍ አሳድጉትና እዩት። ተሰፍቶ 20 በ20 የሚሆነውን 22 በ22 ትቆርጣላችሁ። 110 ቁራጭ ይበቃል። የሚገባው 5.3 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ተረፈ፣ ክሩ በግማሽ ገደማ ቀነሰ፣ የመቁረጡና የመተኮሱ ልፋትማ አይወራ። ስለዚህ ደቃቅ ቁራጭ ማጠራቀም ቁጠባ ይመስላል እንጂ ቁጠባ አይደለም። ከመዳፌ ያነሰው እኔ ጋ ትራስ ውስጥ ነው የሚገባው። አንዳንድ ሰው የጣት ስፋት ያላት ጨርቅ በጠርሙስ ሲያስቀምጥ አያለሁ። ጠርሙሱ ያምራል፣ እውነቴን ነው።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ይዞታል? ሁለት ቦታ ደስ ይለኛል። አንዱ አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ያለው ጊስ ቤንድ ነው። የጥቁር አሜሪካውያን መንደር ነው። ሴቶቹ ካረጀ የስራ ልብስ፣ ከባል ሱሪና ከሸሚዝ ብርድ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ስራቸው ሂዩስተን በሚገኝ ትልቅ የጥበብ ሙዚየም ታየ፣ ቀጥሎም ኒው ዮርክ። በ2006 ፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። በ1972 ሲርስ የሚባለው ትልቅ መደብር የአካባቢውን ሴቶች የስፌት ማኅበር የትራስ ልብስ አዘዘ። ጨርቁ ኮርዶሮይ ነበር፤ ያ መስመር መስመር ያለው ወፍራሙ። ከቆረጣው የተረፈው ወጥ ኮርዶሮይ ወደየቤቱ ገባ። በዚያ ዘመን ከሰሯቸው መካከል በጣም የሚያምሩት ከዚያ ተራፊ የተሰሩ ናቸው። አበባ የለባቸውም። ቀለምና ቅርጽ ብቻ። የኔን የዩኒፎርም ማዳበሪያ ሳይ እነሱን አስባለሁ፤ ትዕዛዙ የሰው፣ ተራፊው የራስ።

ሁለተኛው ህንድ ነው፣ ካርናታካ። እዚያ ሲዲ የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ ከአፍሪካ የሄዱ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ካዋንዲ የሚባል ብርድ ልብስ በእጅ ይሰፋሉ። ካረጀ ልብስ ነው የሚሰሩት። አሰራራቸው ከኛ ተቃራኒ ነው። እኛ ፊቱን ጨርሰን ገበር ፍለጋ እንወጣለን። እነሱ መጀመሪያ ገበሩን ያነጥፋሉ፣ ብዙ ጊዜ ያረጀ ሳሪ ነው። ከዚያ ከዳር ጀምረው ቁርጥራጩን እላዩ ላይ እየደረደሩ፣ በቀጭን መርፌ እየወጉ ወደ መሃል ይሄዳሉ። ገበር ከሌለ ስራው አይጀመርም። ለሳቢያኗ ጓደኛዬ ቪዲዮውን አሳየኋት። «አሁን በህንድ መጣሽብኝ?» አለችኝ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ጨርቅ ማስቀመጥ ማለት ለጨርቅ የቤት ኪራይ መክፈል ነው። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አራት ነፍስ ለሚኖር ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ደግሞም ድሬ ላይ ጨርቅ በራሱ ጊዜ አይቆይም። ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ እጥፋቱን ያነጣዋል። ስትዘረጉት መስመር መስመር ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ታጥቦ የሚለቅ ነገር አይደለም። ስለዚህ ጨለማ ቦታ፣ በየጊዜውም እጥፋቱን መቀያየር። ፌስታል ውስጥ አፉን አስራችሁ አታስቀምጡ። ትንሽ እርጥበት ካለው ይታፈናል፣ ይሻግታል። እኔ በአሮጌ አንሶላ ነው የምጠቀልለው።

ብል ለሚያስጨንቃችሁ፦ ብል የሚበላው ሱፍና ሐር ነው፤ የታጠበና ንጹሕ ጥጥ አይነካም። ጥጥን የሚፈጀው ምስጥና አይጥ ነው። የደረቀ የኒም ቅጠል በጨርቅ ቋጥሬ በየመሃሉ አደርጋለሁ፤ ድሬ ላይ የኒም ዛፍ ደጃችን ነው። ናፍታሊን አልወድም። ሽታው ስንት ጊዜ ታጥቦም አይለቅም፣ የሕፃን ብርድ ልብስ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

ሳጥን መሬት ላይ አታስቀምጡ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማችን ላይ የደረሰውን የድሬ ሰው አይረሳም። ከ200 በላይ ሰው ባለቀበት ሌሊት ስለ ጨርቅ ማውራት ነውር ነው፤ አላወራም። ከዚያ ወዲህ ግን እኛ ቤት ከብሎኬት በታች የሚቀመጥ ዕቃ የለም።

አሁን ወደ ፖሊስተሩ። ጨርቅ የሚለየው በቀለም ይመስላችኋል። ፎቶ ላይ ያምራል፣ ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ። ለስራ ግን ምንም አይጠቅምም። እኔ የምለየው በዓይነቱ ነው። ያልታወቀ ቁራጭ ሲመጣ ከዳሩ ክር እመዛለሁ፣ በመቆንጠጫ ይዤ፣ ከስር የውሃ ሳህን አስቀምጬ፣ ክብሪት አቀርብለታለሁ። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። አመዱ ግራጫ ነው፣ በጣት ሲነካ ብን ይላል። ፖሊስተር ከሆነ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሰራል። የተቀላቀለው ደግሞ ሁለቱንም ያደርጋል፤ አመድም አለው፣ ሻካራ ነገርም ጣት ላይ ይቀራል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለልጆች ደግሞ ትርዒት ነው፤ የኔዎቹ «ይሄኛው ይቀልጣል፣ አይቀልጥም» እያሉ ይወራረዳሉ።

ለምን ይህን ያህል? ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ፖሊስተር አይሰበሰብም። አንድ ላይ ከተሰፉ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ፖሊስተሩ ያለበት ቦታ ይነፋል፣ ጥጡ ይጨማደዳል። ካውያውም አንድ አይደለም። ለጥጥ የሚሆነው ሙቀት ፖሊስተሩን ያብረቀርቀዋል፣ ከባሰም ያቀልጠዋል። አቡጀዲ ከሱቅ እንደመጣ አይቀመጥም። በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ነው የሚቀመጠው። መሰብሰብ ያለበት መሬት ላይ እያለ ይሰብሰብ እንጂ የሰው አልጋ ላይ ከሆነ በኋላ አይደለም። ቀይና ጥቁር ሰማያዊም እንዲሁ፤ አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ እሹት። ነጩ ከቀላ እሱ ጨርቅ ከነጭ ጎን አይሰፋም። ኮምጣጤ ያስይዘዋል የሚሉ አሉ። ቀለሙን የሚያስይዘው ማቅለሚያው ላይ የተሰራው ስራ ነው፣ ኮምጣጤማ ለሰላጣ ነው። ደጋግማችሁ እጠቡ፤ አሁንም ከለቀቀ ተዉት።

ታዲያ እኔ ቤት ምን አለ? አቡጀዲ፣ ታጥቦ የተጠቀለለ፣ ሁልጊዜ ለሁለት ገበር የሚበቃ። ክሬም ጥጥ። ግራጫ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ። የዩኒፎርም ማዳበሪያ፣ ለብቻው። የጥጥ ቁርጥራጭ፣ ለብቻው። ለሐረሮች መሃል የሚሆኑ ያረጁ ብርድ ልብሶች። ነጭ ክር ከሚያስፈልገው በላይ። በቃ። የሚያምር ጨርቅ የምገዛው አልጋው ሲታወቅ ነው፤ የማን እንደሆነ፣ ስፋቱ ስንት እንደሆነ፣ ክፍሉ ፀሐይ ያገኝ እንደሆነ። ያኔ የድሬውን ታይዋን ገበያ ብገባ ቀፊራ ብገባ የምፈልገውን አውቃለሁ፣ ሻጩም ትከሻዬ ላይ ጣል የሚያደርገውን ያውቃል። አንዴ ያየሁትና ያመለጠኝ አበባ አለ? ሞልቷል። ሌላ አበባ ተገኝቶ ስራው ወጥቷል። አበባ በአበባ ይተካል።

ቀድሞውኑ ሁለት ቁም ሳጥን ሞልታችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ አትናደዱብኝ። አትጣሉት፣ በርካሽም አትሽጡት። ሦስት አራት ሜትር ያለውን አውጡና ራሱን ገበር አድርጉት። መቀስ የማይደፍረው ከሆነ አትቁረጡት፤ እንዳለ ከስር ይነጠፍ፣ ሲጎድል ብቻ ዳርና ዳሩ ላይ ወጥ ጨርቅ ይቀጠልበት። ፊቱን ከዩኒፎርምና ከተራው ስሩት፤ ጥጡን ከጥጥ፣ ፖሊስተሩን ከፖሊስተር ጋር አድርጉ። ጓደኛዬ ከዚያ ዒድ ወዲህ እንደዚህ ጀምራለች። የልጆቿ ቁም ሳጥን ግማሹ ተለቋል። ደንበኞቿ ግን ገልብጠው ነው የሚያነጥፉት፤ ያን ሁሉ የደከመችበትን ፊት ወደ ፍራሹ፣ አበባውን ወደ ላይ። መጀመሪያ ተቀይማ ነበር። ዋጋው አንድ ነው ስላት ተወችው።